ነርስነትን ለረጅም ዘመን ማቀድ፦ ጅማ ላይ ለሚማሩና ለሚሠሩ

እዚህ ጅማ ነርስ ወይም ነርሲንግ የሚማር ልጅ የሌለበት ሰፈር አላውቅም። ከሄርማታ እስከ ቆጪ ብትሄዱ አንድ ቤት ውስጥ ነጭ ጋዋን ተሰቅሎ ታያላችሁ። ተማሪዎቹ ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ግን ሁሌ አንድ ነው፦ "ስመረቅ የት ልቀጠር?"

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን በጣም ቅርቡን ብቻ ነው የሚያየው። በ22 ዓመቱ የተመረቀ ሰው በመንግሥት ሥራ ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ነው። ይህ 38 ዓመት ነው። መጀመሪያ የተገኘው ቅጥር ውስጥ ገብቶ "ሌላው በራሱ ጊዜ ይደርሳል" ማለት ብዙ ጎበዝ ነርሶችን ከሙያው ሲያስወጣ አይቻለሁ። አንዳንዱ ወገቡን ታሞ ይወጣል፣ አንዳንዱ ተሰላችቶ፣ አንዳንዱ ደግሞ ማስተርስ መማር ሲያምረው ወረቀቱ ተሟልቶ ስላልተገኘ ብቻ እዚያው ቆሞ ይቀራል።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። የማይመለከታችሁን ዝለሉት።

1. ዘመናችሁን በአራት ክፈሉት

አንድ ወረቀት አውጡ። አራት ክፍል አድርጉት፦ የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት፣ ከ3 እስከ 7፣ ከ8 እስከ 15፣ ከዚያ በኋላ ያለው። በየክፍሉ ሦስት ነገር ጻፉ። በእጄ ምን መሥራት መቻል አለብኝ? ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል? ኑሮዬ ምን ይመስላል?

ሦስተኛውን ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። ትዳር፣ ልጅ፣ የምትጦሯቸው እናትና አባት፣ ናይት ዱቲ ማደር የምትችሉባቸውና የማትችሉባቸው ዓመታት፣ ሁሉም እዚያ ይግባ። አራስ ልጅ ይዞ አይሲዩ (ፅኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ናይት መቁጠር የሚቻል ነገር ነው፤ ግን እናት ወይም እህት ቤት ውስጥ ካለች ነው የሚቻለው። ይህን ቀድሞ ያሰበ ሰው ልጁ ከመወለዱ በፊት ወደ ቀን ሥራ የሚወስደውን ሥልጠና ይጨርሳል።

2. የምትማሩበትን በር አጣሩ

ዲግሪ የምትማሩ አብዛኞቻችሁ በ12ኛ ክፍል ውጤት ተመድባችሁ፣ ፍሬሽማን ጨርሳችሁ ነው ዲፓርትመንት የምትመርጡት። የፍሬሽማን ውጤት ያን ጊዜ የማይረባ ይመስላል፤ ግን ከዓመታት በኋላ ማስተርስ ስትወዳደሩ ያው ውጤት ትራንስክሪፕታችሁ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

የግል ኮሌጅ ለምትገቡ ደግሞ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት የዕውቅና ፈቃዱን ጠይቁ። "ኮሌጁ ዕውቅና አለው" የሚለው መልስ አይበቃም። ፈቃዱ የሚሰጠው ለሙያውና ለካምፓሱ ስለሆነ፣ ለነርሲንግ፣ ለዚህ ካምፓስ፣ ለዚህ ዓመት መኖሩን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። አሳፋሪ ጥያቄ አይደለም። የቤተሰባችሁ የቡና ገንዘብ ነው የሚከፈለው።

ፈተናዎቹን ለይታችሁ እወቁ፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከዚያ ሌላ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና አለ፤ የሙያ ፈቃድ የምታወጡት እሱን ስታልፉ ነው። በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ለሚማሩ ደግሞ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ማረጋገጫ ፈተና አለ። ሁሉንም ለመጨረሻው ሴሚስተር መተው አያዋጣም። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ለየኮርሱ አንድ አጭር ደብተር ያዙ፤ ሲደርስ የምታነቡት እሱን ነው።

3. ዋርድ ስትወጡ ለፊርማ ብቻ አትውጡ

ጅማ የሚማር ተማሪ አንድ ትልቅ ዕድል አለው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የእርሻ ኮሌጁ ተዋሕደው ሲመሠረት፣ ኢንስቲትዩቱ የሚታወቅበትን ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርት ይዞ ቀጠለ። ተማሪው ቀበሌ ወርዶ ቤት ለቤት ይቆጥራል፣ ጤና ጣቢያ ገብቶ ከሌላ ሙያ ተማሪዎች ጋር በቡድን ይሠራል። ብዙዎች ይህን እንደ ሽርሽር ያዩታል። እኔ ግን ነርስ ሆኖ ለመክረም ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ታካሚው ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው የምታዩት እዚያ ነው። ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ፣ "በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ" የተባለው ሰው በቀን ስንቴ እንደሚበላ።

ዋርድ ላይ ደግሞ ትንንሹን ነገር በትክክል መሥራት ልመዱ። አንዱን ብቻ ላንሳ፣ ትንፋሽ መቁጠርን። በየቻርቱ ብትገልጡ ለዚህም 20፣ ለዚያም 20፣ ለሁሉም 20 ተብሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ። የሃያ ሰው ትንፋሽ እኩል ሊሆን አይችልም፤ አልተቆጠረም ማለት ነው። እናንተ ቁጠሩ። የልብ ምት እንደምትለኩ አድርጋችሁ የታካሚውን እጅ ያዙ፣ ዓይናችሁን ደረቱ ላይ አድርጉ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ሰው እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ ትንፋሹን ይቀይራል። ሕፃን ከሆነ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ፣ ሳያለቅስ፣ እናቱ እቅፍ ውስጥ እያለ ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ካለበት ደግሞ ሳንባ ምች ይጠረጠራል። በዚያች አንድ ደቂቃ ሕፃን ይተርፋል። ይህን በተማሪነቱ ያልለመደ ሰው በአሥረኛ ዓመቱም አይቆጥርም።

4. የመጀመሪያውን ሥራ ለገንዘቡ ብቻ አትምረጡ

ማስታወቂያ ሲወጣ ከተማ ውስጥ ለመቅረት ሁሉም ይሻማል። ዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል፣ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል፣ ካልሆነም የከተማው ጤና ጣቢያዎች። ይገባኛል። ግን ዴዶ ወይም ጌራ ያለ ጤና ጣቢያ ደርሷችሁ ከሆነ ፊታችሁን አታጥቁሩ። እዚያ ሐኪም ላይኖር ይችላል፤ ሌሊት የመጣችውን እናት መጀመሪያ የምታዩት እናንተ ናችሁ፣ ሪፈር ይባል አይባል የምትወስኑትም እናንተ ናችሁ። ይህ ያስፈራል፣ ግን ያበስላል። ትልቅ ሆስፒታል ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከመቱ ተልኮ የመጣ ከባድ ሕመምተኛ ታያላችሁ፣ ከማሽን ጋር ትተዋወቃላችሁ፣ ርክክብ በሥርዓት እንዴት እንደሚደረግ ትማራላችሁ።

እኔ የምመክረው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ብዙ ክፍል የሚያዟዙራችሁ ቦታ ሁኑ። ገና በስድስተኛው ወር "ቀላል ነው" ተብሎ አንድ ክፍል ውስጥ መደበቅ ጥሩ አይደለም። ኦፒዲ (ተመላላሽ ሕክምና)፣ ድንገተኛ፣ ሕፃናት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሁሉንም ቅመሱ።

የመንግሥት ቅጥር ዘግይቶ ግል ክሊኒክ የምትገቡ ብዙ ናችሁ። ችግር የለውም፤ አንድ ነገር ብቻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያዙ። የጽሑፍ ውል ይኑራችሁ፣ የደመወዝ ግብራችሁም ይከፈል። የመንግሥት ማስታወቂያ ላይ "ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት" የሚል ነገር አለ። ሦስት ዓመት ለፍታችሁ ግብሩ ካልተከፈለ ያ ልምድ ውድድር ላይ እንደሌለ ይቆጠራል። ስትለቁ የምትቀበሉት ደብዳቤ ላይም የሥራ መደባችሁ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ፣ ደመወዛችሁና ማኅተም መኖሩን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ።

5. ፋይል ክፈቱ

ይህ አሰልቺ ነው። ግን ሙያውን ከሚያዘገዩት ነገሮች ዋናው የወረቀት ጉዳይ ነው።

አንድ ጠንካራ ፎልደር ግዙ። የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ቴምፖራሪ ወይም ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የብቃት ምዘና፣ የሙያ ፈቃድ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎች፣ የሥልጠና ሰርተፊኬቶች፣ የክትባት ካርድ፣ ፋይዳ። እያንዳንዱን ስካን አድርጋችሁ ኢሜላችሁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል።

ስማችሁን በተለይ እዩ። መሐመድ የሚል ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ጅማ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ዲግሪው ላይ በ"ኦ"፣ ፓስፖርቱ ላይ በ"ዩ"፣ 12ኛ ክፍል ወረቀቱ ላይ አንድ "ኤም" ጎድሎ። አገር ውስጥ ስትሠሩ ማንም ላያያችሁ ይችላል፤ አንድ ቀን ውጭ ስታመለክቱ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ትሆናላችሁ። ሳትመረቁ በፊት ሬጅስትራር ሄዳችሁ ስማችሁ እንዴት እንደተመዘገበ አረጋግጡ፤ ፓስፖርት ስታወጡም ዲግሪው ላይ ባለው አጻጻፍ አስጽፉ።

የሙያ ፈቃድ በየጊዜው ይታደሳል፤ ለማደስ ደግሞ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ነጥብ ይጠየቃል። ስንት ነጥብ፣ በስንት ዓመት የሚለውን ከጤና ቢሮ ጠይቃችሁ ፎልደሩ ሽፋን ላይ ጻፉት። ሥልጠና ሲመጣ አበሉን ብቻ አትዩ፤ ሰርተፊኬቱ ነጥብ የሚያዝለት መሆኑን ጠይቁ።

6. አፋን ኦሮሞ ተማሩ፣ እንግሊዝኛችሁንም አትተዉ

ከማና፣ ከጎማ፣ ከሰቃ የሚመጣው ታካሚ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። አዋቂ ሰው ሲመጣ "ኦቦ" ወይም "አዴ" ብሎ ጀምሮ "ኤሳቱ ኢሲን ዱኩባ?" ብሎ የት እንደሚያማቸው መጠየቅ የሚችል ነርስና በአስታማሚ አስተርጓሚነት የሚሠራ ነርስ እኩል ሥራ አይሠሩም። የማኅፀን ወይም የአእምሮ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ወንድ ልጇ እያስተረጎመላት እናት እውነቱን አትናገርም። ክልሉ ውስጥ ለመቀጠርና ለማደግም ቋንቋው ይጠቅማችኋል። እንግሊዝኛ ለማስተርስ፣ ለመጻሕፍትና ለውጭ ፈተና ያስፈልጋል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ካልተቋረጠ።

7. ስፔሻሊቲ ከዋርዱ ተነስታችሁ ምረጡ

ከ3ኛ እስከ 7ኛ ባለው ዘመን የሚወሰነው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው "ገበያ አለው" የተባለውን ነው። ገበያ ይቀየራል። ጨቅላ ሕፃናት፣ ድንገተኛና ፅኑ ሕሙማን፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ የአእምሮ ጤና፣ የአዋቂዎች ጤና፣ ሕፃናት፣ የተለያየ ዓይነት ሰው ይፈልጋሉ። ኦፕሬሽን ክፍል ሥርዓት የሚወድ፣ ቆሞ መዋል የሚችል ሰው ይፈልጋል። አእምሮ ጤና ማዳመጥ የሚችል፣ ቶሎ ውጤት ባያይ የማይበሳጭ ሰው ይፈልጋል። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ደግሞ የመድኃኒት መጠን የሚሰላው በኪሎ ስለሆነ፣ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ስትስት አሥር እጥፍ ስህተት ይሆናል፤ ሒሳብ የሚያደክመው ሰው እዚያ ባይገባ እመርጣለሁ።

መፈተኛው ቀላል ነው። የምታስቡት ክፍል ውስጥ ስድስት ወር እንዲመድቧችሁ የነርሲንግ ኃላፊውን ጠይቁ። ሥራው ማድከሙ አይቀርም። ከድካሙ በኋላ ስለ ታካሚው ማንበብ ካማራችሁ ቦታችሁ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ሰዓት ስትቆጥሩ ከከረማችሁ ግን ስሙ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።

ማስተርስ ስትነሱ ከዓመት በፊት ጀምሩ። አገር አቀፉ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ሰው ጋት የሚለው፣ አለ። ከመሥሪያ ቤታችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ስፖንሰር ከሆኑላችሁ ደግሞ ተምራችሁ ስትመለሱ የምታገለግሉት ዓመት ውሉ ላይ አለ። ውሉን ሳትፈርሙ አንብቡ፣ ኮፒውን ፎልደሩ ውስጥ አስገቡ። የትምህርት ዕድል ውድድር ላይ የሥራ አፈጻጸም ነጥብም ይታያል፤ በየስድስት ወሩ የሚሞላው ምዘና ላይ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ፣ ነጥቡን እዩ፣ ካልተስማማችሁ በጨዋ ቋንቋ ጻፉ።

ሁሉም ሰው ከአልጋው ጎን ካልራቀ አላደገም ማለት አይደለም። መምህርነት አለ፣ አስተዳደር አለ፣ የኅብረተሰብ ጤና አለ፣ መያድም አለ። ግን አሥራ አምስት ዓመት ዋርድ ላይ ቆይቶ አዲስ ነርስ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) መትከል ሲያቅተው በእርጋታ እጁን ይዞ የሚያሳይ ሰው፣ እሱም አድጓል። ይህን እኔ ከልቤ ነው የምለው።

8. ሰውነታችሁን የዕቅዱ አካል አድርጉት

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላ። ብዙ ተማሪ ሁለቱን ወስዶ ሦስተኛውን ይረሳል። ካርዳችሁን አሁን ተመልከቱ።

መርፌ ከወጋችሁ አትጭመቁት። በሳሙናና በውኃ እጠቡት፣ ወዲያው ለኃላፊያችሁ ተናገሩ፣ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱን በሰዓታት ውስጥ ጀምሩ። 72 ሰዓት ካለፈ አይጀመርም፤ ከተጀመረም 28 ቀን ሙሉ ይወሰዳል። "ይሉኝታ ያዘኝ" ብሎ ዝም ያለ ሰው አይቻለሁ። በዚህ ጉዳይ ይሉኝታ የሚባል ነገር አይሠራም።

ወገባችሁን ጠብቁ። ታካሚ ብቻችሁን አታንሱ፤ ጓደኛ ጥሩ፣ አስታማሚውንም አሳዩት፣ አልጋው ከፍ የሚል ከሆነ ከፍ አድርጉት፣ ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት እጠፉ። ወገቡ የተያዘ ነርስ በ35 ዓመቱ ዋርድ መሥራት ያቅተዋል።

ሁለት ቦታ መሥራት የብዙዎቻችን ኑሮ ነው። ቀን መንግሥት፣ ማታ ክሊኒክ። ኑሮው ስለሚገፋ ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ግን ማብቂያ ቀን አስቀምጡለት፣ ለምሳሌ "የቤት ኪራይ የስድስት ወር እስክከፍል" ወይም "የማስተርስ ወጪዬን እስካጠራቅም" ብላችሁ። ማብቂያ የሌለው ሁለት ሥራ እንቅልፍ ይወስዳል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ የመድኃኒት ስም ይሳሳታል። የዱቲ ክፍያም አንዳንዴ ስለሚዘገይ ቋሚ ወጪያችሁን በደመወዙ ብቻ ተምኑ፤ ዱቲው ሲመጣ ወደ እቁብ ወይም ወደ ቁጠባ ይግባ።

ታካሚ ሲሞት ደግሞ አንድ የምታወሩት ሰው ይኑራችሁ። በተለይ ሕፃን ሲሞት። ሳያወሩት ዓመት የተሸከሙት ሐዘን ሰውን ያደርቃል፤ ደረቅ ነርስ የምንላቸው ብዙዎቹ መጀመሪያ እንደዚያ አልነበሩም።

9. ውጭ አገርን በዕቅድ እንጂ በወሬ አታስቡት

መሄድ መብታችሁ ነው። ግን መንገዱን እወቁ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመሄድ ብዙ ጊዜ ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ዳታፍሎው የሚባል የማስረጃ ማጣራትና የሙያ ፈተና ይጠየቃል። ዳታፍሎው ማስረጃውን የሚያጣራው በቀጥታ የሰጠውን ተቋም ጠይቆ ነው፤ ስለዚህ የተሠራ የልምድ ደብዳቤ ይዞ መግባት የራስን በር በራስ መዝጋት ነው። አሜሪካ ኤንክሌክስ የሚባል የነርሶች የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ፤ እንደ አመላለሳችሁ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ይመጣል። ከዚያ በፊት ትራንስክሪፕታችሁ ይገመገማል፤ በየትኛው ክፍል ስንት ሰዓት ልምምድ እንደሠራችሁ ይታያል፣ የተማሪነት ሎግቡካችሁን (የልምምድ መዝገባችሁን) ያስቀመጣችሁ ያን ጊዜ ትደሰታላችሁ። እንግሊዝ አይኢኤልቲኤስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና 7 ትጠይቃለች፣ በጽሑፍ ክፍሉ 6.5።

እንግሊዝን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 55 አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ናት። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ ቀጣሪዎችና ኤጀንሲዎች እዚህ መጥተው ነርስ መመልመል አይፈቀድላቸውም። ሰው በራሱ ማመልከት ግን ይችላል። ስለዚህ "ለንደን ሆስፒታል ልኮኝ ነርስ እየመዘገብኩ ነው" የሚል ሰው ጅማ መጥቶ ብር ሲጠይቃችሁ ምን እንደምትመልሱ አሁን ታውቃላችሁ። ኦሪጅናል ዲግሪያችሁን ለማንም ደላላ አትስጡ። ቪዛ ፓስፖርታችሁ ላይ ሳይመታም ሥራ አትልቀቁ።

10. ወረቀቷን በዓመት አንድ ጊዜ አውጡ

ጳጉሜን ጥሩ ጊዜ ነው፤ ሥራውም ትንሽ ይረግባል፣ አዲሱ ዓመትም ደጃፍ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቁጥር የጻፋችኋትን ወረቀት አውጡና ከአንድ ሲኒየር ነርስ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩዋት። የታመነ፣ ለእናንተ ክፉ የማያስብ ሰው ይሁን። ፈቃዳችሁ መቼ እንደሚያልቅ፣ ስንት ነጥብ እንደቀራችሁ፣ ዘንድሮ የትኛውን ክፍል እንደምትጠይቁ ጻፉ። የተቀየረውን ሰርዙ፤ ትዳር መጥቶ ወይም አባት ታሞ ዕቅድ ቢቀየር ምንም ነውር የለውም። የድጋፍ ደብዳቤ ወይም ምስክር የሚሆናችሁ ሰው ካለ ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት ሮጣችሁ አታስጨንቁት፣ ከሁለት ወር በፊት ንገሩት፣ ምን እንደሠራችሁም በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት።